አንዷ ማርሽ ብቻ ያለቀችበት ብስክሌት

እማማ ብስክሌታቸውን ያመጡልኝ "ሰንሰለቱ ይዘላል" ብለው ነው። እዚህ ጀርመን፣ ሽቱትጋርት ያለን ሐበሾች ሁላችንም እማማ ነው የምንላቸው። 61 ዓመታቸው ነው። አንድ የአረጋውያን መጦሪያ ወጥ ቤት ውስጥ ይሠራሉ፤ ሥራ የሚገቡት ከንጋቱ አስራ ሁለት ሰዓት ስለሆነ አውቶቡስ አይጠብቁም። ብስክሌቱን ማቆሚያው ላይ ሰቅዬ የኋላውን ጎማ ሳወጣ፣ እኛ ካሴት የምንለውን፣ የተደራረቡትን ማርሾች አየኋቸው። ዘጠኝ ናቸው። ስምንቱ ከፋብሪካ እንደወጡ አሉ፤ በጨርቅ ጠረግ ሳደርጋቸው ቦግ አሉ። አምስተኛዋ ግን ጥርሶቿ እንደ መጋዝ ሾለው ወደ አንድ ወገን ተጋድመዋል። ሰንሰለቱ የሚዘለው እሷ ላይ ነበር።

ሦስት ዓመት ሙሉ በአንዲት ማርሽ ነድተዋል።

"እማማ፣ ማርሽ አይቀይሩም እንዴ?" አልኳቸው።

"አይ ልጄ፣ አልነካካውም። አንዴ ዳገት ላይ ብነካው ኳ! አለና እግሬ ባዶውን ዞረ። ልወድቅ ነበር። ከዚያ ወዲህ እሱን ነገር እንደ እሳት ነው የምፈራው።"

"ዳገቱንስ እንዴት ያደርጉታል?"

"እስከቻልኩት እታገለዋለሁ፤ ሲያቅተኝ ወርጄ እገፋለሁ። ጉልበቴን እንጂ ሌላማ ምን እሆናለሁ።"

በዚህ ሥራ አስራ አንድ ዓመት ሆኖኛል። እንዲህ ያለ ካሴት በወር ሁለት ሦስቴ አያለሁ። ባለቤቱ ጀርመናዊም ይሆናል፣ ሐበሻም ይሆናል፣ ጎረምሳም ይሆናል። 27 ማርሽ ያለው ብስክሌት ገዝቶ በሁለቱ ብቻ የሚነዳ ሰው ብዙ ነው። ስለዚህ "ሰው ሠራሽ አስተውሎት የብስክሌት ማርሽ ሊቀይርልን ነው" የሚል ወሬ ሲነሳ ጓደኞቼ ይስቃሉ፣ እኔ አልስቅም። የእማማ አምስተኛ ማርሽ ትዝ ትለኛለች።

ሽቱትጋርትን ለማያውቅ ሰው፣ ከተማዋ ጎድጓዳ ቦታ ላይ ነው የተቀመጠችው። ነዋሪዎቿ ራሳቸው መሐሉን "ድስቱ" ብለው ይጠሩታል። መሐሉ ሜዳ፣ ዙሪያው ዳገት፤ ወይን የተተከለበት ኮረብታ ከተማው ውስጥ ድረስ ይወርዳል። ከማሪየንፕላትስ ወደ ዴገርሎኽ የሚወጣ ባለ ጥርስ ሐዲድ ባቡር አለን። ከ1884 ጀምሮ ይሠራል (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው)። መንገዱ 2.2 ኪሎ ሜትር ብቻ ሲሆን ወደ 200 ሜትር ከፍታ ይወጣል። ከፊቱ ብስክሌት ብቻ የሚጫንበት ክፍት ጋሪ አለው። ለብስክሌት ባቡር የተመደበለት ዳገት ምን ዓይነት እንደሆነ መገመት አያቅትም።

ማርሽ ለጉልበት ምን እንደሚያደርግ በቁጥር ላሳይ፤ ለደንበኞቼም እንዲሁ ነው የማስረዳቸው። ፔዳሉ ላይ ያለው ክብ 42 ጥርስ አለው እንበል። ከኋላ ሰንሰለቱ 21 ጥርስ ያላት ማርሽ ላይ ካለ፣ ፔዳሉ አንዴ ሲዞር ጎማው ሁለቴ ይዞራል። የጎማው ዙሪያ 2.2 ሜትር ገደማ ስለሆነ በአንድ ዙር 4.4 ሜትር ተጓዝን። እግር በደቂቃ 60 ጊዜ ሲያዞር ፍጥነቱ በሰዓት ወደ 16 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። ሜዳ ላይ ይህ ግሩም ነው። ዳገት ላይ ግን የአብዛኛው ሰው አቅም በሰዓት 8 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። በዚያችው ማርሽ ከቀጠለ እግሩ በደቂቃ 30 ጊዜ ብቻ ይዞራል፤ ሸክሙ ሁሉ በእያንዳንዷ ዙር ጉልበቱ ላይ ይወድቃል። ሰንሰለቱን 42 ጥርስ ወዳላት ትልቋ ማርሽ ብናወጣው፣ ፍጥነቱ ያው 8 ሆኖ እግሩ እንደገና 60 ይዞራል፤ ፔዳሉን የሚረግጥበት ኃይልም በግማሽ ይቀንሳል። ዳገቱ አልተለወጠም። ሰውየው ግን ወርዶ አይገፋም።

ማርሽ መቀየርን ራሱን እንደ ስንፍና የሚያዩ ሰዎች ድሮም ነበሩ። ቱር ደ ፍራንስን የመሠረተው ኦንሪ ዴግራንዥ አጥብቆ ይቃወመው ነበር። ታሞ ውድድሩን ለሌላ ሰው ካስረከበ በኋላ ነው በ1937 የማርሽ መቀየሪያው የተፈቀደው። ዛሬ ያለሱ የአልፕስን ተራራ የሚወጣ ተወዳዳሪ የለም። "አውቶማቲክ ማርሽ ለሰነፍ ነው" የሚሉኝን ሰዎች ስሰማ ይሄ ታሪክ ትዝ ይለኛል።

ራሱ የሚቀይር ማርሽም አዲስ ነገር አይደለም። ባለፈው ዓመት አንድ ሽማግሌ ደንበኛዬ ታጣፊ ብስክሌት አመጡ፤ የኋላ ጎማው እምብርት ላይ የፊሽተል ኡንድ ሳክስ ስም ተቀርጿል። የሽቫይንፉርት ፋብሪካ ነው፤ ቶርፔዶ የሚባለውን ታዋቂ የጎማ እምብርት ከ1903 ጀምሮ ሲሠራ የኖረ። እምብርቱን ፈትቼ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋሁት። ግሪሱ ከርሞ እንደ ሰም ጠጥሯል። በነጭ ጋዝ ሳጥበው ከውስጥ ሁለት ትንንሽ ብረቶች ወጡ፣ ቀጭን ስፕሪንግ ይዟቸዋል። ጎማው ሲፈጥን ብረቶቹ ወደ ውጭ ይወረወራሉ፤ ሲወረወሩ መንጠቆውን ይለቁታል፣ ሁለተኛው ማርሽ ይገባል። ሲዘገይ ስፕሪንጉ መልሶ ይሰበስባቸዋል። ባትሪ የለ፣ ኮምፒውተር የለ። በጣቴ አሽከርክሬ "ጠቅ" ሲል ስሰማ ሥራዬን ትቼ አምስት ስድስት ጊዜ ደጋገምኩት። ያ ብረት የሚያውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፣ ፍጥነት። እሱን ግን ምንም ሳይሳሳት ያውቃል።

የዛሬው መንገድ የተከፈተው ገመዱ ሲቀር ነው። በ1921 በጃፓኗ ሳካይ ከተማ የተመሠረተው ማርሽ ሠሪ ሺማኖ በ2009 ዱራ ኤስ ዲ አይ ቱ የተባለውን አወጣ፤ ማርሹን የሚያንቀሳቅሰው የሚጎተት ገመድ መሆኑ ቀርቶ ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተር ሆነ። በ2015 ደግሞ ስራም (SRAM) የተባለው ሌላ ማርሽ ሠሪ ሽቦውንም አስቀርቶ በሬዲዮ አደረገው። ትእዛዙ ኤሌክትሪክ ከሆነ በኋላ፣ አዛዡ የግድ የሰው አውራ ጣት መሆን የለበትም። በኤሌክትሪክ ብስክሌት ላይ ደግሞ ሞተሩ ቀድሞውኑ የእግሩን ኃይልም፣ የፔዳሉን ዙርም፣ ፍጥነቱንም ስለሚለካ መረጃው ሁሉ እዚያው አለ። ከእኛ ደቡብ ትንሽ ራቅ ብላ ባለችው ሮይትሊንገን የሚገኘው የቦሽ የብስክሌት ክፍል ከማርሽ ሠሪዎች ጋር አያይዞ የሚያቀርበው ራሱ የሚቀይር ማርሽ አለ፤ ሺማኖም በ2022 ፔዳል ሳይረገጥ እንኳ ማርሽ የሚቀይር አውጥቷል፤ ሞተሩ ሰንሰለቱን ራሱ ያዞረዋል።

አብዛኞቹ እነዚህ ግን "አስተውሎት" የሚለው ስም የሚገባቸው አይመስለኝም። ሕግ ነው የሚከተሉት። "እግሬ በደቂቃ 65 እንዲዞር እፈልጋለሁ" ብለህ ቁጥር ትሰጣለህ፤ ከዚያ በታች ሲወርድ ያቀልልሃል፣ ሲበልጥ ያከብድብሃል። ስሌቱ ፈጣን ነው እንጂ ሐሳቡ ከሁለቱ ብረቶች ብዙም አልራቀም።

ጉድለቱ የት እንዳለ ያየሁት አንድ ምሽት ከሥራ ስወጣ ነው። እንዲህ ያለ የኤሌክትሪክ ብስክሌት ለሙከራ መጥቶልን ነበር፤ የማን ምርት እንደሆነ መጻፍ አያስፈልግም። በአልተ ቫይንሽታይገ መንገድ ወጣሁ። ከአንድ ኩርባ በፊት ትንሽ ሜዳ አለ፣ ፈጠንኩ። ኩርባው ካለፈ በኋላ መንገዱ በድንገት ቀጥ ያለ ዳገት ይሆናል። እኔ ዳገቱን ሃያ ሜትር ቀድሜ አይቼዋለሁ፤ በማኑዋል ብሆን ኖሮ እዚያው ሜዳው ላይ፣ እግሬ ሳይከብድ፣ ሁለት ማርሽ አቅልዬ እገባ ነበር። ብስክሌቱ ግን ምንም አላየም። ዳገቱ ላይ ወጣን፤ የእግሬ ዙር 60 ሆነ፣ 52 ሆነ። መቀየር እንዳለበት የገባው ያኔ ነው፤ እኔ ባለኝ ኃይል ሁሉ በምረግጥበት ሰዓት። ሰንሰለት በሸክም ተወጥሮ ሳለ ከአንዱ ጥርስ ወደ ሌላው አይሻገርም፣ ይጋጫል እንጂ። ኳ! አለ፤ እግሬ ባዶውን ዞረ፤ ደረቴ ወደ እጀታው ሄደ።

እማማ ያሉኝ ድምፅ ይኸው ነበር። መንገዱ ዳር ቆሜ ረጅም ጊዜ አሰብኩ።

እኔ ብስክሌት የለመድኩት ባሕር ዳር ነው። ከተማው ሜዳ ስለሆነ ሁሉም ሰው ይነዳል፤ የእኛ ቤት ብስክሌት የቻይና ፊኒክስ ነበረች፣ ማርሽ የሚባል ነገር የላትም። ቅዳሜ ቅዳሜ ከታላቅ ወንድሜ ጋር ወደ ቤዛዊት እንሄድ ነበር፤ የንጉሡ ቤተ መንግሥት ያለበት፣ ዓባይን ቁልቁል የምታይበት ኮረብታ። የመጀመሪያ ቀን ግማሹ ላይ ቆሜ ገፋሁ። ወንድሜ ከላይ ሆኖ ጠበቀኝና፣ "አንተ ዳገቱ ላይ ደርሰህ ነው ዳገት የምትወጣው፤ ዳገት የሚወጣው ከታች ነው" አለኝ። በሚቀጥለው ሳምንት ከሩቅ ጀምሬ ወጠርኩ፤ ጠጠር ያለበትን ቦታ በዓይኔ መርጬ፣ አህያ የሚነዱ ገበሬዎች እስኪያልፉ ጠብቄ። ጫፍ አልደረስኩም፤ ግን ከመጀመሪያው ቀን ሁለት እጥፍ ሄድኩ። ያቺ ብስክሌት ሌላ ማርሽ ስላልነበራት የነበረኝ ማርሽ ዓይኔ ብቻ ነበር።

ሽቱትጋርት ዳገት ላይ የጎደለው ይኼው ነው። ማሽኑ የሚለካው እግሬ የሠራውን ነው። ዓይኔ ያየውን አይለካም።

ከዚህ በኋላ ነው በእውነት የሚማረው የመጣው። ሺማኖ በ2025 ኪው አውቶ ብሎ ያወጣው ሞተር ለሌለው ተራ ብስክሌት ነው። ኤሌክትሪኩን የሚያገኘው የኋላው ጎማ እምብርት ውስጥ ካለ ዲናሞ ስለሆነ ቻርጅ ማድረግ የለም። ፍጥነትን፣ የፔዳልን ዙርና የመንገዱን ተዳፋትነት ይለካል። ትልቁ ነገር ግን ሌላ ነው፤ እሱ የመረጠውን ማርሽ አልወደድክም፣ ቁልፉን ተጭነህ ታርመዋለህ፤ እርማትህን ይይዝና አመራረጡን ወደ አንተ ያስጠጋል። ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚለውን ቃል እዚህ ላይ ብጠቀመው አይቆጨኝም። አገር በቀል ስም አውጣለት ብባል ግን "ልማድ የሚይዝ" እለው ነበር፤ በቅሎ የጌታዋን መንገድ እንደምትይዘው።

እንዲህ የሚማር ብስክሌት ለሳምንታት ነዳሁ። እርማቴን ስንት ጊዜ እንደተጫንኩ በየቀኑ ማታ በወረቀት እጽፍ ነበር፤ የመጀመሪያው ቀን 31፣ በአስረኛው ቀን 8። ደስ ይላል፣ አልዋሽም። ትራፊክ መብራት ላይ ቆሜ ስነሳ እኔ የምወዳትን ቀላል ማርሽ ይዞ ይጠብቀኛል። ሥራ ቦታዬ አጠገብ ባለው ድልድይ ላይ የማደርገውን ሁሉ ያደርግልኛል። ዓይኔ ከእጀታው ተነስቶ መንገዱ ላይ ብቻ ሆነ። በከተማ ለሚነዳ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ከቆመ መኪና ድንገት የሚከፈት በር ቁልቁል ማርሽ ሲያይ የነበረን ሰው አይምረውም።

ከዚያ ፍልሰታ ገባች። ያለ እህል ያለ ውኃ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ነው የምጾመው። ስምንት ሰዓት ላይ ዕቃ ላመጣ ወጣሁ፤ ነሐሴ ነው፣ ድስቱ ይፈላል። ብስክሌቱ በየመንገዱ ከባድ ማርሽ ይሰጠኛል። ቁልፉን ስጫን፣ ስጫን፣ ስጫን ዋልኩ፤ 26 ጊዜ። የሚያውቀኝ ቁርሱን የበላውን ሰውዬ ነው። እየጾምኩ እንደሆነ በምን ይወቅ? ጾሙ ውስጥ ሲቆይ ቀስ በቀስ ማቅለል ጀመረ፤ ከፍቺው በኋላ ደግሞ የደከመውን ሰው ማርሽ ይሰጠኝ ነበር። አልተናደድኩበትም። የተማረው ትክክል ነው፤ ትናንት የነበርኩትን ሰው በደንብ ያውቃል። ሰው ግን አንድ ቀን እንቅልፍ ያጣል፣ አንድ ቀን ልጁን ከኋላ ይጭናል፣ አንድ ቀን ሐዘን ላይ ውሎ ይመጣል።

ስለዚህ እኔ የምለው ይሄ ነው፤ የምትማረው ማሽን ትምጣ፣ እርማት የምንሰጥባት ቁልፍ ግን መቼም እንዳትጠፋ። ቁልፏ የትምህርቱ ማለቂያ ላይ የምትነሳ ነገር አይደለችም፤ የዛሬውን ሰው ለማሽኑ የምትነግረው እሷ ብቻ ናት።

ወደፊት ማየቱም ቢሆን በከፊል ይመጣል። ሮልስ ሮይስ በ2013 ባወጣው ሬይዝ መኪና ላይ ጂፒኤስ አይቶ ለሚመጣው መንገድ ማርሽ የሚያዘጋጅ ካምቢዮ ገጥሞ ነበር። የጋርሚን የብስክሌት ኮምፒውተሮችም ከፊትህ ያለው ዳገት ስንት ሜትር እንደቀረው ያሳያሉ። ሁለቱን ማገናኘት የጊዜ ጉዳይ ነው። የኔ ኩርባም በካርታ ላይ አለ፣ ያኔ ኳ! አይልም ይሆናል። ካርታው ላይ የሌለው ግን መብራቱ ሊቀላ መሆኑ፣ ኳስ የሚከተል ልጅ፣ ኅዳር ላይ አስፋልቱን የሚሸፍነው እርጥብ ቅጠል ነው። በዚያ ላይ፣ የእግር መዝገብ ማለት የጤና መዝገብ ማለት ነው። ሰውየው ሲደክም፣ ሲታመም፣ ሲያረጅ ከማንም በፊት ማርሹ ያውቃል። ያ መዝገብ ብስክሌቱ ላይ እንዲቀር እንጂ ወደ ሌላ ቦታ እንዲሄድ አልፈልግም፤ ደንበኞቼንም ስልካቸው ላይ ያለውን አፕ ከፍተን ምን እየላከ እንደሆነ አብረን ሳናይ አልሸኛቸውም።

ወደ እማማ ልመለስ። ሰንሰለቱንና ካሴቱን ቀየርኩላቸው፤ ከዚያ ጓሮው ውስጥ ግማሽ ሰዓት አለማመድኳቸው። "ሲጫኑ እግርዎን ለቀቅ ያድርጉ፣ ፔዳሉ ይዙር እንጂ አይርገጡት።" ጓሮው ውስጥ አሳምረው ሠሩት። ከሁለት ሳምንት በኋላ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ቆማ ያገኘኋት ብስክሌት ግን ሰንሰለቷ እዚያችው አምስተኛዋ ላይ ነበር። "መኪናውን ልይ፣ መንገዱን ልይ፣ ደግሞ እሱን ልይ?" አሉኝ። ልክ ናቸው። የፈራ ሰው ሦስት ነገር በአንዴ አያይም።

በመስከረም ልጆቻቸው ገንዘብ አዋጡና አንድ ያገለገለ የኤሌክትሪክ ብስክሌት ፈልጌ ገዛሁላቸው፤ አስር ማርሽ፣ በራሱ የሚቀይር፣ ሲያስፈልግ በአውራ ጣት የሚታረም። ስለ ኩርባው፣ ስለዚያ ኳ! የሚለው ድምፅ አልደበቅኳቸውም። "ዳገት ከመድረስዎ በፊት ይህቺን ይጫኑ" ብዬ ቁልፏ ላይ ቀይ ፕላስተር ለጠፍኩ። ይጫኗታል ብዬ ግን አላመንኩም።

የካቲት ላይ ለፍሬን መጡ። ማቆሚያው ላይ ሰቅዬ መጀመሪያ ያየሁት ካሴቱን ነው። ከትንሿ ሁለተኛ ጀምሮ እስከ ዘጠነኛዋ ድረስ በእያንዳንዷ ጥርስ ጎን ሰንሰለቱ የላሰው ቀጭን ብሩህ መስመር አለ። ስምንቱም ተነድቶባቸዋል። አምስተኛዋን ፈለግኳት፤ ከሌሎቹ የምትለይበት ነገር አልነበራትም። ቀይ ፕላስተሩ ደግሞ መሐሉ ተልጦ የቁልፉ ጥቁር ይታያል።

"ተጭነውታል እንዴ?"

"ታዲያስ። ይቺ ልጅ ጎበዝ ናት፣ ግን ዳገቱን ዘግይታ ነው የምታውቀው። ዳቦ ቤቱ ጥግ ስደርስ እኔ እነግራታለሁ።"

"ስንቴ ይጫናሉ?"

"ሁለቴ" አሉ፤ ጓንታቸውን እያወለቁ። "ዝናብ ከሆነ ሦስቴ።"